ልጅቷን ብቻዋን ላካችኋት

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ትንሽ ይብረድልኝ ብዬ ቆየሁ። አልበረደም። ባሰብኩት ቁጥር እየባሰብኝ ስለሄደ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ቅዳሜ ማታ ነው፤ አርሴና ማንቼ የሚገናኙበት። ከሥራ ዘግይቼ ስለወጣሁ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ነው ሰፈር ውስጥ ወዳለው ዲኤስቲቪ ቤት የሄድኩት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ ሁሉም ሰፈር አንድ አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተጠጋጉ አግዳሚ ወንበሮች፣ ብርሃን እንዳያስገባ በሸራ የተጋረደ መስኮት። በሩ አንድ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ሰው ሞልቶ እስከ በሩ ቆሟል።

ልገባ ስል ሻይ የምታቀርበዋ ልጅ ሰው እየገፋች ወጣች። ጥቁር ቦርሳ ይዛለች፣ በሁለት እጇ፣ ከሰውነቷ አርቃ። አላየችኝም። መንገዱን ተሻገረች፣ ማዶ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ፊቷን ከቦርሳው ሳታነሳ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ተመለሰች። አጠገቤ ስትደርስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ሆነሻል እህቴ?» አልኳት።

«ባለቤት የለውም ጋሼ። ሽቦ ይታያል። ብናገር ብናገር ማንም አልሰማኝም።»

ቆይታ ነገረችኝ። ሻይ ልታቀብል ጎንበስ ስትል ነው ከአግዳሚው ሥር ያየችው። ዚፑ በደንብ አልተዘጋም። «ይሄ የማን ነው?» አለች። ዝም። ደግማ ጠየቀች። «ዞር በይ፣ ጋርደሽናል» አላት አንዱ። ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሌላው «ቦምብ ነው በያ!» አለና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠው በእግሩ ገፋ አደረገው። በእግሩ! አንዱ ደግሞ ምን አላት መሰላችሁ፤ «ከፈራሽ ራስሽ አውጪው።»

አወጣችው።

ገብቼ ጠየቅኩ። እውነት ነው ወይ አልኩ። «አዎ፣ እሷ ፈሪ ናት» አለኝ አንድ የማውቀው ሰው፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። አባት የሆነ ሰው ነው። እሷን የምታክል ልጅ አለችው።

ጨዋታው ሲያልቅ የቦርሳው ባለቤት ተገኘ። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እዚያው ውስጥ ነበር፣ ቦርሳውን አስቀምጦ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ወደ ፊት ሄዶ ተቀምጧል። ስትጠይቅ አልሰማሁም አለ። ተከፍቶ ሲታይ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ጥቅል። ያኔ የተሳቀው ሳቅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። «አየሽ? ለዚህ ነው?» አሏት። ልጅቷም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው። ከገጠር መጥታ ማታ ማታ የምትማር ልጅ ናት።

እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይሄን ነው። ፒንሳ መሆኑ ነፃ ያወጣችሁ መሰላችሁ። ቦርሳውን ስታነሳው እኮ ፒንሳ መሆኑን አንዳችሁም አታውቁም ነበር። እሷም አታውቅም። እሷ እሞታለሁ ብላ ነው ያነሳችው። እናንተ ግን ለአንድ ኮርና ስትሉ አንገታችሁን እንኳ አላዞራችሁም። ወንድ ነኝ የሚል ሁሉ በተሰበሰበበት ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ለሁላችሁም ልትሞት ወጣች፣ እናንተ ደግሞ ስለጋረደቻችሁ ተቆጣችኋት።

መንካትም አልነበረባትም። ይሄን የነገራት የለም። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ አይነሳም፣ አይገፋም፣ አይከፈትም። ሰው ነው የሚወጣው። አንድ በር ባለው ቤት ያ ሁሉ ሰው እርስ በርሱ ሳይረጋገጥ እንዲወጣ ደግሞ ቀድሞ የታሰበበት መሆን አለበት። ማነው ያሰበበት?

«አንተ ደግሞ ታጋንናለህ፣ ኳስ ቤት ማን ቦምብ ያጠምዳል?» የምትሉኝ አላችሁ። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ካምፓላ ውስጥ ሰዎች እንደእናንተ ኳስ እያዩ ነበር። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው፣ ስፔንና ሆላንድ። ሁለት ፈንጂ የራግቢ ሜዳ ላይ ለጨዋታው በተሰበሰበው ሕዝብ መሃል ፈነዳ። ሌላው የት እንደፈነዳ ታውቃላችሁ? ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት፤ ስሙ ራሱ «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ነው። ከ70 በላይ ሰው አለቀ። አልሸባብ እኔ ነኝ አለ። በማግስቱ ሌላ ጭፈራ ቤት ውስጥ ያልፈነዳ ፈንጂ ተገኘ። በምን ውስጥ? በቦርሳ።

ሩቅ ነው ካላችሁ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ፈንጂ ሲያዘጋጁ በራሳቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ብሔራዊ ቡድናችን ከናይጄሪያ ጋር የተጫወተበት ቀን ነው። ያን ቀን ስንቶቻችን ስለ ጎል ስናለቅስ ዋልን። ስለተረፈው ሕይወት ግን ማንም ብዙ አላወራም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ መስቀል አደባባይ ላይ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቦምብ ተወረወረ። ሰው ሞተ፣ ከመቶ በላይ ቆሰለ።

ማን አሸባሪ ነው፣ ማን አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ። እሱን ሌሎች ይከራከሩበት። ከአግዳሚ ሥር ያለ ቦርሳ ማን ላከኝ ብሎ አይመርጥም።

ደግሞ አዝንላችኋለሁ። እውነቴን ነው። ይህች ከተማ የሆነችውን አውቃለሁ። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ሮኬት ወደ አየር ማረፊያው ሲተኮስ ከአልጋችን ዘለን ወርደናል። ከዚያ ወዲህ ያየነውንና የቀበርነውን ደግሜ አልቆጥርባችሁም። አሁን ተኩስ ሲሰማ ልጆቻችን «ክላሽ ነው፣ አይ ዲሽቃ ነው» ብለው ይከራከራሉ፣ እኛ ደግሞ ቡናችንን ፉት እንላለን። ጆሮ ደነደነ። በየቀኑ እየተሸበሩ መኖር አይቻልማ፤ ሰው እንዲኖር የሆነ ነገር መዝጋት አለበት። ይገባኛል። ግን የዘጋነው ፍርሃቱን ብቻ አይደለም። ለሌላው ሰው ማሰቡንም አብረን ዘግተነዋል።

«ቀኑ ከደረሰ ማን ያስቀረዋል» ትላላችሁ። እምነት አታስመስሉት። ቀኑ የእግዜር ነው፣ ቦርሳው የማን ነው ብሎ መጠየቅ ግን የኛ ነው። ልጃችሁ ሲታመም ቀኑ ከደረሰ ብላችሁ ቤት ታስተኙታላችሁ?

በየበሩ ያሉትን ፈታሾች የምናደርጋቸውም ያው ነው። መናኸሪያ፣ ባንክ፣ ሆቴል በር ላይ «ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ» ሲሉን ፊታችንን እናጠቁራለን። የሚያውቁን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አንፈተሽም፤ መፈተሽ ውርደት ሆኗል። ባጃጅ የሚነዱ ልጆችም አሉ፣ የማያውቁት ሰው «ይቺን ዕቃ አባይ ማዶ አድርስልኝ፣ እዚያ የሚቀበልህ አለ» ሲላቸው ምን እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቁ ከወንበር ሥር ወሽቀው የሚሄዱ፣ ከኋላ ሦስት ሰው ጭነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታጣምሙብኝ። ንቁ ስል ሰውን በስሙ፣ በአነጋገሩ፣ በመጣበት አገር፣ በሃይማኖቱ ጠርጥሩ ማለቴ አይደለም። እሱንማ ያለ ልክ አውቀንበታል፣ ብዙ ደም ያስከፈለንም እሱ ነው። ያቺ ልጅ «አንተ ማነህ? ከየት መጣህ?» አላለችም። «ይሄ የማን ነው?» ነው ያለችው። ከኛ ሁሉ እሷ ገብቷታል።

እኔም ከሥራ በጊዜ ብወጣ ኖሮ ከዚያ አግዳሚ ላይ አንዱ እሆን ነበር። ተነስቼ እወጣ ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። ስለዚህ የምለው ለራሴም ነው።

ትልቅ ነገር አልጠየቅኩም። ኳስ ቤት ያላችሁ፣ ሁለተኛ በር ክፈቱ፤ ካልሆነ መተላለፊያው ላይ ወንበር አትደርድሩ። ጨዋታ ሳይጀመር «ከወንበራችሁ ሥር ያለውን ዕቃ እዩ» በሉ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ቦርሳችሁን ጥላችሁ ቦታ አትቀይሩ። የማን ነው የሚል ሰው ስትሰሙ መልሱለት፣ መልስ ከጠፋ ተነሱ፣ ለፖሊስ ደውሉ። ፒንሳ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለጠየቀው ሰው አመስግኑ እንጂ አትሳቁበት፤ ዛሬ የተሳቀበት ሰው ነገ አይናገርም። ያቺ ልጅ ከእንግዲህ የምትናገር አይመስለኝም።

ብዙዎቻችሁ አንብባችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ። ደክሞኛልም። ግን እምቦጭ ጣናን ሲወር የሆነውን አልረሳሁም። መጀመሪያ ሲታይ አረም ነው ብለን ናቅነው፤ የደንቢያ ዳርቻ አረንጓዴ ሜዳ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ግን ተማሪው፣ ገበሬው፣ የከተማው ሰው፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር በአውቶቡስ እየመጣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። እምቦጩ አላለቀም፣ ሰውም በኋላ ሰለቸው። ቢሆንም ያን ጊዜ ማንም ለማንም «ከፈራህ ራስህ አውጣው» አላለም። ያ ሕዝብ እናንተ ናችሁ። ያሁኑ ደግሞ ውሃ ውስጥ ግቡ አይልም፤ ከወንበራችሁ ብቻ ተነሱ።