የአሳማው ቫይረስ የእጅ ጽሕፈት

«ፀሐይ» የሚለውን ቃል «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው ከአንባቢው ጋር ለመግባባት አይቸገርም፤ ድምፁም ትርጉሙም ያው ነው። ይሁን እንጂ የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ አርታኢ፣ ጸሐፊው ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ እንዴት እንደሚያፈራርቅ ጥቂት ገጽ ካየ፣ ቄስ ትምህርት ቤት የዋለ ይሁን በስልክ መጻፍን ብቻ የለመደ መገመት አያቅተውም። ቫይረሶችም የዘር መልእክታቸውን ሲጽፉ እንዲህ ያለ የፊደል አመራረጥ ልማድ አላቸው። ይህን ልማድ ቆጥሮ የቫይረሱን አመጣጥና አካሄድ ለመናገር የሚሞክረው የጥናት ዘርፍ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በእጅጉ ተስፋፍቷል። እኔም ዘርፉን በአድናቆት እከታተላለሁ፤ ነገር ግን አሳማን የሚገድለውን የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ በተመለከተ ከሚሸከመው በላይ እንዲናገር እየተደረገ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የልማዱን ምንነት ላስረዳ። ዘረ-መል የሚጻፍባቸው አራቱ ኬሚካላዊ ፊደላት ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲቧደኑ 64 ኮዶኖችን ይሰጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ የፕሮቲኑን ማብቂያ የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ የቀሩት 61 ኮዶኖች የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን 20 አሚኖ አሲዶች ይወክላሉ። ስለዚህ ሉሲን፣ ሰሪንና አርጂኒን እያንዳንዳቸው በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን ግን አንድ አንድ አጻጻፍ ብቻ አላቸው። ከስድስቱ የትኛውም ቢመረጥ የሚሠራው ፕሮቲን ያው ነው። ሆኖም ፍጥረታት ሁሉንም በእኩል አይጠቀሙም፤ አንዱን ያዘወትራሉ፣ ሌላውን ይተዋሉ።

የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በሳይንስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1921 እ.ኤ.አ. በኬንያ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቫይረሱ በከርከሮና በከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ በሚኖር ለስላሳ መዥገር መካከል እየተመላለሰ ከርከሮውን ሳያሳምም ይኖራል። ወደ ቤት አሳማ ሲሻገር ግን ኃይለኛ ዝርያዎቹ የያዙትን መንጋ በቀናት ውስጥ ከሞላ ጎደል ይፈጁታል፤ ሰውን አይዝም። ጂኖሙ፣ ማለትም ጠቅላላ የዘር መልእክቱ፣ ከ170 እስከ 190 ሺህ ገደማ የሚደርስ ጥንድ ፊደላት ያሉት ባለ ሁለት ዘለላ ዲኤንኤ ሲሆን፣ ከ150 በላይ ዘረ-መሎችን ይሸከማል። ከፊደላቱ መካከል ጂ እና ሲ የሚባሉት ድርሻ ከመቶ 40 በታች ስለሆነ፣ ቫይረሱ አንድን አሚኖ አሲድ በብዙ መንገድ መጻፍ ሲችል ብዙውን ጊዜ በኤ ወይም በቲ የሚያልቀውን ኮዶን ይመርጣል።

አሳማ ግን እንደ ሌሎች አጥቢዎች ሁሉ በብዙ ዘረ-መሎቹ ውስጥ በጂ ወይም በሲ ወደሚያልቁ ኮዶኖች ያደላል። ቫይረሱ የራሱን ዲኤንኤ የሚገለብጥባቸውን መሣሪያዎች ይዞ ይመጣል፤ ፕሮቲን ለማምረት ግን የግድ የአሳማውን ሕዋስ ማሽን መዋስ አለበት። በሰው ማተሚያ ቤት ገብቶ በራሱ የፊደል ልማድ የሚያሳትም እንግዳ ማለት ነው። ታዲያ የባለቤቱን ልማድ ሳይከተል እንዴት እንዲህ ተሳካለት? የእኔ ንባብ፣ ይህ ዝንባሌ በአብዛኛው ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ ስሕተቶቹ ወደ አንድ ወገን ከማድላታቸው የመነጨ እንጂ ለአሳማ ተብሎ የተበጀ አይደለም የሚል ነው። አስተናጋጁስ ማን ነው? አሳማው ብቻ ሳይሆን ከርከሮውም መዥገሩም ናቸው። ከአሳማ ኮዶኖች ጋር ያለውን ተመሳሳይነት በአንድ መለኪያ አስልቶ «ቫይረሱ ከአሳማ ጋር ተላምዷል» ወይም «አልተላመደም» ብሎ መደምደም፣ ሰውየው ሠን አዘውትሯልና ጎንደሬ ነው እንደ ማለት ይመስለኛል። ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ያን ያህል አያስኬድም።

ይህን ስል የፊደል ምርጫው ትርጉም የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። በአማርኛ ንባብ አንድ የሚመስሉት «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» በግዕዝ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ወጣ እንደሚባለው ወጣ፣ ሁለተኛው የሰው ንብረት ሰረቀ ማለት ነው። ኮዶኖችም እንዲሁ ድምፅ አልባ አይደሉም፤ ፕሮቲኑ የሚመረትበትን ፍጥነትና የሚታጠፍበትን ሁኔታ ሊለውጡ ይችላሉ። በ2008 የወጣ ጥናት የፖሊዮ ቫይረስን ፕሮቲን አንዲት አሚኖ አሲድ ሳይነካ የኮዶኖቹን ጉርብትና ብቻ አዛብቶ በመጻፍ ቫይረሱን ማዳከም እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ በላቦራቶሪ ተሠርቶ የታየ ነገር ነው። የምተቸው ላቦራቶሪም በረትም ሳይገባ ከመረጃ ቋት በወረደ ፊደል ላይ ብቻ ተቆጥሮ የሚሰጠውን ፍርድ ነው።

የዚህ ቫይረስ ትልልቅ ለውጦች የሚታዩት ደግሞ በሌላ ቦታ ነው። ዝርያዎቹ በርዝመት የሚለያዩት በተለይ በጂኖሙ ሁለት ጫፎች የሚገኙ ተዛማጅ የዘረ-መል ቤተሰቦች በመጨመራቸውና በመቀነሳቸው ሲሆን፣ ከእነዚህ የተወሰኑት ቫይረሱ የአሳማውን የመከላከያ ሥርዓት ለማደናገር የሚጠቀምባቸው ናቸው። ሌላው መንገድ ቅልቅል ነው። ዝርያዎቹ በዘር መልእክታቸው ተመሳሳይነት ጄኖታይፕ በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው ምድቦች ይከፈላሉ። በ2007 ጆርጂያ የገባው ጄኖታይፕ 2፣ በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካርና በዛምቢያ ከተገኙት ጋር የሚቀራረብ ነበር፤ በነሐሴ 2018 ቻይና ደርሶ የዓለምን ትልቁን የአሳማ መንጋ አመሰው። በ2023 ደግሞ ተመራማሪዎች ከቻይና ጄኖታይፕ 1 እና 2 የተዳቀሉባቸውን ገዳይ ቫይረሶች ይፋ አደረጉ። መደበኛው የምደባ ዘዴ የሚያየው ፒ72 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራውን አንድ ዘረ-መል ነው፤ በእሱ ሲመዘኑ እነዚህ ቫይረሶች ጄኖታይፕ 1 ይባላሉ። ከጂኖማቸው ከግማሽ በላይ የሆነው ግን ከጄኖታይፕ 2 የመጣ ነው። በዚያው ጥናት የተሞከረውና ከጄኖታይፕ 2 የተሠራው የተዳከመ ሕያው ክትባትም አሳማዎቹን አላዳነም። መታወቂያ ካርዱን ብቻ አይቶ ያሳለፈ ዘበኛ የሚደርስበት ይህ ነው።

ወደ አገራችን ልምጣ፤ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታልና። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጠረጠረ ወረርሽኝ ያሳወቀችው በየካቲት 2011 ነበር። ከዚያ ዓመት እስከ 2014 ድረስ ከቤት አሳማዎች የተሰበሰቡ 23 የሕብረ-ሕዋስ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ቀድሞ ከሚታወቁት 22 ጄኖታይፖች ከአንዱም ጋር የማይገጥም ቫይረስ ተገኘ፤ ጄኖታይፕ 23 ተብሎም ተመዘገበ። በምሥራቅ አፍሪካ አገሮችና በኮንጎ ሪፐብሊክ ከሚዘዋወሩት ጄኖታይፕ 9 እና 10 ጋር አንድ የጋራ ቅድመ አያት እንዳለውም ታወቀ። የዓለምን የምደባ ሰንጠረዥ ያሰፉት እነዚያ 23 ቁርጥራጮች ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ በመረጃ ቋቶች የተከማቹት ሙሉ ጂኖሞች አብዛኞቹ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ፣ እርስ በርሳቸው እምብዛም የማይለያዩ የጄኖታይፕ 2 ቅጂዎች ናቸው። ቫይረሱ ከከርከሮና ከመዥገር ጋር ለብዙ ዘመን የኖረበት ምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ በመዝገቡ ውስጥ ያለው ድርሻ ከዚያ ጋር ሲተያይ አነስተኛ ነው። ከአንድ ሰፈር ብቻ በተሰበሰበ ጽሑፍ ላይ የአንድን ቋንቋ ጠቅላላ የፊደል ልማድ ለመተንተን እንደ መነሣት ነው።

በአገራችን አሳማ አብዛኛው ምእመን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የማይበላው እንስሳ በመሆኑ ጉዳዩ ከቁም ነገር እንደማይቆጠር ይገባኛል። አሳማ አርቢው ጥቂት ነው፤ መንጋው ቢያልቅበትም ለጎረቤቱ አውርቶ የሚያዝንለት አያገኝም። ከርከሮ ግን የእኛ ዱር እንስሳ ነው፤ ቫይረሱ የሚዘዋወረውም የማንንም የአመጋገብ ሥርዓት ጠይቆ አይደለም። ስለዚህ ለእንስሳት ጤና የሚመደበው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም፣ ከዚያው ላይ ቀንሶ የሞተ አሳማ ጣፊያና ደም በወቅቱ ተወስዶ በብርድ የሚጠበቅበትን፣ የከርከሮ ጉድጓድ መዥገርም የሚሰበሰብበትንና የፒ72 ቅንጫቢ ብቻ ሳይሆን ጂኖሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚነበብበትን አሠራር መዘርጋት ይገባል። ኮዶን ቆጣሪዎቹም ያኔ የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ያገኛሉ፤ ምናልባትም ዛሬ «የቫይረሱ ባሕርይ» የሚሉት የአንዱ ጄኖታይፕ ባሕርይ ብቻ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።