ሌባ ፎርም አያጎድልም

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር ስለ መራጮች ምዝገባ ተብሎ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አቴንዳንስ ፈረምን፣ ሻይ በዳቦ ተባለ፣ ከዛ አንድ ሰውዬ ማይኩን ተቀበለና "ያልተሟላ ፎርም ማለት የማጭበርበር ሙከራ ማለት ነው፣ አንድ መስመር የጎደለበት ሁሉ ያለ ይግባኝ መሰረዝ አለበት" ብሎ ቁጭ አለ። ተጨበጨበለት። ከንግግሩ ይልቅ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው፣ ምክንያቱም ካጨበጨቡት ውስጥ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ እንደኔው ተከራይ ናቸው፣ አከራይ በነጋ በጠባ የሚያንከራትታቸው፣ የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው የሚያስቡ። በራሳቸው ላይ ነው ያጨበጨቡት እኮ።

አክስቴን ላምጣላችሁ። ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው የሚኖሩት፣ መቼ ተወለዱ ሲባሉ "ጣልያን ጎንደርን በለቀቀ በሁለተኛው ክረምት" ነው መልሳቸው። ይሄ ተራ መልስ እንዳይመስላችሁ። ጣልያን መጨረሻ ላይ እጁን የሰጠው እዚህ ጎንደር ነው፣ ህዳር 1934፣ ስለዚህ ሴትዮዋ የተወለዱት በ1935 ክረምት ነው፣ ከኔ መታወቂያ የበለጠ የሚታመን ነገር ነው የነገሯችሁ። ፎርሙ ላይ ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ናቸው ያሉት። ክረምት የሚገባበት ሳጥን የለም። እና መዝጋቢው ልጅ (ክፉ ልጅ አይደለም፣ ወረፋው አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው) ምን ያደርጋል? መስከረም 1 ብሎ ይሞላዋል። በቃ፣ ተሟላ! ዝናብ እየጣለ የተወለዱት ሴትዮ በአንድ እስክሪብቶ የእንቁጣጣሽ ልጅ ሆኑ ማለት ነው።

እስኪ የቤተሰባችሁን መታወቂያ አውጡና እዩ፣ ስንቱ ነው መስከረም 1 የተወለደው? ይሄ ሁሉ ህዝብ በአንድ ቀን ከተወለደ አዋላጆቹ ያን ቀን ምን በሉ? እና ሰውዬው ባለው ሂሳብ ከሄድን አክስቴ ሳጥኑን ባዶ ቢተዉት አጭበርባሪ ናቸው፣ ያልሆነ ቀን ሲጻፍላቸው ግን ህጋዊ መራጭ። ባዶው ሳጥን እውነቱን ነበር የተናገረው፣ አላውቅም ነው ያለው፣ አላውቅም ማለት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው? ከቄዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋው ሰው የቤት ቁጥር ከየት ያምጣ? የአያቱን ስም የማያውቅ፣ አሳዳጊ ቤት ያደገ ልጅስ? ፊርማ የሚለው ላይ አውራ ጣቷን ለማሳረፍ አፍራ ዝም ያለችውስ? እነዚህን ሁሉ ሰብስባችሁ ሌባ ልትሉ ነው።

ሌባ እኮ ፎርም አያጎድልም ጎበዝ። ድምፅ ሊሰርቅ የተቀመጠ ሰው ምን አስቸኮለው፣ ቡናውን አስፈልቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አንድ በአንድ ነው የሚሞላው። የአያት ስም አይጎድለውም፣ የቤት ቁጥር አይጎድለውም፣ ፊርማው እንደ ሰርግ ካርድ ያማረ ነው፣ ብቻ ሃያው ፎርም በአንድ እጅ ጽሁፍ ነው። የሞተ ሰው ፎርም ሁሌም የተሟላ ነው፣ ሟች ረሳሁት አይልማ። ማጭበርበር የምትፈልጉ ከሆነ ከተሟላው ክምር ጀምሩ፣ እዛ ጋ ግን የምትፈሩት ሰው ሊኖር ይችላል፣ ለዛ ነው አህያውን ፈርታችሁ ዳውላውን የምትደበድቡት።

ደግሞ ወረቀት ሲሟላ ምርጫ ንጹህ ይሆናል የምትሉትን ነገር ማን እንዳስተማራችሁ አላውቅም። በ2002 ተቃዋሚው ከ547 ወንበር ያገኘው አንድ ነው፣ አንድ የግል ተወዳዳሪም ነበር። በ2007 እሷም አልተረፈች፣ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱት። ያኔ ፎርም የጎደለ ነበር እንዴ? ሁሉም ሞልቶ፣ ማህተሙ ቁጭ ብሎ፣ መዝገቡ ፏ ብሎ ነው እንደዛ የሆነው። ወረቀት እንደዛን ጊዜ አምሮበት አያውቅም።

ሰውዬው ማሳረጊያ ያደረጋት ነገር ደግሞ "አሜሪካ እንኳን ያልተሟላ ፎርም አትቀበልም" የምትል ናት። እሷን ባይናገራት ይሻለው ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ሊመዘገቡ ሲሄዱ ዕድሜህን በዓመት፣ በወር፣ በቀን አስላ ይባሉ ነበር፣ አንድ ቀን ከተሳሳተ ፎርሙ ይጣላል፣ ሰውየው ድምፅ የለውም። የሰውዬው ሀሳብ አያት እሷ ናት፣ እሱ የአያት ስም ስለሚወድ ነው። እዛው አሜሪካ በነሱ አቆጣጠር በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ህግ ሰውየው መምረጥ ይችላል አይችልም የሚለውን ለመወሰን ለማይጠቅም ስህተት ወይም ጉድለት መብቱን መንፈግ ክልክል ተባለ። ህጉ እያለም ያበላሹት አለ፣ በነሱው 2004 ፍሎሪዳ ውስጥ ፎርሙ ግርጌ ላይ ዜጋ ነኝ ብሎ ምሎ የፈረመን ሰው ላይኛው ሳጥን ላይ ምልክት አላደረክም ብለው ፎርሙን ያልተሟላ ነው ያሉበት ጊዜ ነበር። በ2024 ደግሞ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላንካስተር በሚባል ቦታ የምዝገባ ቀን ሊያልቅ ሲል 2,500 ገደማ ፎርም ገብቶ ጥርጣሬ ተነሳ። ያስጠረጠረው ግን ባዶ መስመር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተመሳሳይ የእጅ ጽሁፍና የማይመስል ፊርማ ነበረበት። አንድ በአንድ ሲያጣሩት ከግማሽ በላዩ ትክክለኛ ሆኖ ተገኘ፣ የተጭበረበረውና ያልተሟላው ደግሞ ለየብቻ ተቆጠረ። ለየብቻ! ሁለቱ አንድ ነገር ስላልሆኑ።

እሺ፣ ሁለት ቦታ የሚመዘገብ ሰው አይጠፋም፣ ይያዝ፣ ማን ይለቀቅ አለ። ግን የኛው የምርጫ አዋጅ 1162/2011 የሚጠይቀው ምን እንደሆነ ሄዳችሁ አንብቡ፦ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር። ዋናው ይሄ ነው። ተቃውሞ ያለው ሰው ካለም መዝገቡ ለህዝብ ይፋ ይሆናል፣ እከሌ ብሎ ስም ጠርቶ ያቅርብ፣ ተከራክረው ይወስኑ። አክስቴ በመስከረምም ይወለዱ በነሐሴ፣ 18 ዓመት ከሞላቸው ስልሳ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው እስከ ማታ 3 ሰዓት ተራዝሞ በነበረበት ቀን እኚህ ሴትዮ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወረፋ ይዘው ነው የዋሉት፣ ያን ቀን ሰውዬው የት እንደነበረ እንጃ።

ስብሰባው ሲያልቅ አበል ተብሎ አቴንዳንሱን ድጋሚ አዞሩት፣ የኔ ስም ከሰውዬው ስም ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ስለነበር ሳልፈልግ አየሁት። ስልክ ቁጥሩን አልሞላም፣ የመጣበት መስሪያ ቤት የሚለውም ባዶ ነው፣ የአያቱ ስም ያለበት ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ፊርማው ግን አለ። አበሉንም ተቀብሏል።