መልሱን ካወቅነው ለምን እንጠይቀዋለን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሰው ራሴንም ጨምሬ ነውና ቃሌ ቢመራችሁ አትቀየሙኝ።

እሑድ ነው፤ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ቀርቦ ጎረቤት ተሰብስበናል። የቤቱ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ከሽቦ የሠራትን መኪና ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። ጎማዎቿ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው። ከተበላሸ ቴፕ የነቀላትን ትንሽ ሞተር በላስቲክ አስሮባት፣ በሁለት የባትሪ ድንጋይ ትንቀሳቀሳለች። ቀጥ ብላ አትሄድም፤ ወደ ግራ ትስባለች። ከእንግዶቹ አንዱ «ጎበዝ! ስታድግ ምን ትሆናለህ?» አለው። ልጁ «የሚበር ነገር እሠራለሁ» አለ። «መጀመሪያ በሒሳብ ያመጣሃትን 43 አብርራት!» ሲለው ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስኒዬን እንደያዝኩ ከልቤ ሳቅኩ። ልጁ መኪናዋን በእግሩ ገፋ አድርጎ ሶፋው ሥር አስገባት።

ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ቤት ሌላ እንግዳ ያንኑ ጠየቀው። «ዶክተር» አለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። የደነገጥኩት ያኔ ነው። ልጁ ሕክምናን መች ወደደ? እኛን ደስ የምታሰኘውን ቃል ነው ያገኛት።

እስቲ ልብ በሉ፤ ይህን ጥያቄ ለልጅ የምናቀርበው መልሱን በኪሳችን ይዘን ነው። ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት። ከነዚህ ውጪ ከመለሰ ወይ እንስቃለን፣ ወይ «አይ፣ ገና ልጅ ነው» ብለን እናልፋለን። ለዚህም ተረቱ ዝግጁ ነው፤ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም»። ሊጡን ሳናስነካው ታዲያ መቼ ይልመድ?

ሕልሙ ብቻም አይደለም የሚቀጨው። ልጅ የሚያምንበትም ነገር አለው፤ እሱን ደግሞ በቁንጥጫ ነው የምናጠፋው። «እማዬ፣ ሠራተኛችን ለምን ከእኛ ጋር አትበላም?» ብሎ እንግዳ ፊት ሲጠይቅ እናቱ በጠረጴዛው ሥር ጭኑን የምትቆነጥጥበት ቤት የት ነው እንዳትሉኝ። ልጁ የጠየቀው ትክክል ነው፤ የምናፍረውም ትክክል ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አድጎ ቢሮ ይገባል፣ ስብሰባ ላይ አለቃው ሲዋሽ እያየ አንገቱን ይደፋል፤ እኛም «በዚህ አገር እውነት የሚናገር ሰው ጠፋ» እያልን ቡና እንጠጣለን።

የሯጩን የኃይሌ ገብረሥላሴን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን፤ ልለፈው። አንኮበር የተወለደውን ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን ግን አስታውሱልኝ። በ15 ዓመቱ ገደማ ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። ጅማ የተወለደው ሙዚቀኛ ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ ሲላክ የታሰበለት ምህንድስና ነው። አፈወርቅ የአፍሪካ አዳራሽን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለቀለም መስታወት ሠራልን፤ ሙላቱ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ድረስ ሄዶ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ሰጠን። ሁለቱንም እያየን እንኮራለን፤ ደግ። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። የአንዱን እጅ፣ የሌላውን ጆሮ አይተው «ያንተ መንገድ ይሄ ነው» ያሏቸው እዚያ ያገኟቸው መምህራን ናቸው። ስጦታውን ይዘው የሄዱት ከዚሁ ነበር። እዚህ ቢቀሩ ኖሮ ለሥዕሉ «ግድግዳ አታበላሽ»፣ ለሙዚቃው «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ነበር የሚጠብቃቸው።

«አዝማሪ» ስንል ስድብ ሆኖ መውጣቱ ራሱ አያሳፍርም? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሌላውንም ባለሙያ በሙያው እየጠሩ መስደብን ከልክለው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎናል። ዛሬም ልጃችን «አናጺ እሆናለሁ» ካለ ፊታችን ይጠቁራል፤ ቁም ሣጥን ሲያስፈልገን ደግሞ ጥሩ አናጺ ጠፋ ብለን ከተማውን እናስሳለን።

የምንገፋበትን በር ስፋትም እዩት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም የወላጅ ጥፋት አላደርገውም። ግን በነዚያ ዓመታት ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስት ያህሉ ያላለፉበትን በር ብቻ እያሳየን «ሌላው ሁሉ ውድቀት ነው» ብለን ካሳደግናቸው፣ ውጤት በወጣ ማግስት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከአልጋ አልነሳም ለሚል ልጅ ምን እንለዋለን?

«ድህነቱን የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያወራው» የምትሉኝ አላችሁ። አውቀዋለሁ። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት እያጸዳች የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልክ እናት ልጇ ዶክተር ይሁንልኝ ብትል ከክፋት አይደለም፤ እሷ ያየችውን እንዳያይ ነው። ዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ የሚነዳ አባትም እንደዚያው። ትምህርቱን ይተው፣ የፈለገውን ይሁን አላልኩም። የሽቦ መኪናዋ ለምን ወደ ግራ እንደምትስብ ለማወቅም ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ያን እሑድ ከመሳቅ ይልቅ ይህን ብንለው ኖሮ 43ቷም ከፍ ትል ነበር ብዬ አስባለሁ። አንዳችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን «እስቲ አሳየኝ፣ ሞተሯን ከየት አመጣሃት?» አላልነውም። ይህ ብር አይጠይቅም።

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ሞከርኩ። ባለፈው እሑድ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና «ያቺ መኪናህ የት ደረሰች?» አልኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም። መጀመሪያ የእናቱን ፊት አየ።