የጣሪያው ስለት

በሰፈራችን ደብር የንግሥ ዕለት ስለት ሲገባ የተመለከተ ሰው የሕዝባችንን ቸርነት አይጠራጠርም። ጃንጥላ ይመጣል፣ ምንጣፍ ይመጣል፣ መጋረጃ ይመጣል። ከጃንጥላው ብዛት የተነሣ የዕቃ ቤቱ በር የሚዘጋው ሁለት ሰው ተጋግዞ ነው። መጋረጃውም ሳያረጅ ይቀየራል፤ ተስሎ የመጣ ሌላ መጋረጃ ተራውን ይጠብቃላ! የመብራት ሂሳብ ተስሎ የመጣ ምእመን ግን እስከ ዛሬ አልታየም። «ልጄ ቪዛ ከተመታላት የሦስት ወር የቆጣሪ እከፍላለሁ» ብላ የተሳለች እናት ካለች እኔ አልሰማሁም።

አይፈረድባቸውም። ጃንጥላው የሚገባው ወርቃማ ዘርፉ እየተርገፈገፈ፣ እልልታ እያጀበው፣ የሰጪው ስም በድምፅ ማጉያ እየተነበበ ነው። ለቆጣሪ ደረሰኝ ማን እልል ይላል? ስሙ የሚነበብበት ድምፅ ማጉያ የሚሠራው በዚያው ደረሰኝ መሆኑን የሚያስታውሱት የደብሩ ሒሳብ ሹም ናቸው። እርሳቸው የመብራቱን ወጪ ሲያነቡ የቀረነው ሰዓታችንን እናያለን።

ነገሩ ወደ ጣሪያ የወጣው በአንድ የዋዜማ ሌሊት ነው። ማኅሌቱ ደምቆ፣ ከበሮና ጽናጽሉ ገጥሞ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም፤ ጧፍ ይበራል፣ ዜማው ይቀጥላል። ቅዱስ ያሬድም ማይክሮፎን አልነበረውም። መከራው ጄኔሬተሩ ነው። ከቤተ ልሔሙ ጀርባ የተቀመጠው ጄኔሬተራችን አንዴ ከተነሣ ድምፁ ከሊቃውንቱ ይልቃል፣ ጭሱም ከዕጣኑ ጋር ይቀላቀላል። ያን ሌሊት ደግሞ ነዳጅ አልነበረውም። መሪጌታው በልባቸው «ተመስገን» ሳይሉ አልቀሩም። በቅጽሩ ውጭ ነጠላቸውን ተከናንበው የቆሙት ግን «ምንም ሳንሰማ አደርን» ብለው አጉረመረሙ። በሳምንቱ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ሶላር ይተከል የሚል ማመልከቻ አስገቡ።

ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ መሠረት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ነው። ደንቡን ያወጡት አባቶች ሦስት ወገን ካለ ሦስት ሐሳብ ይኖራል ብለው ገምተው ይሆናል። እኛ ዘንድ አንድ አባል ብቻውን ሦስት ሐሳብ ይዞ ይመጣል፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

ጉዳዩን ያስረዳው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረ ወጣት ነበር። እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ 12 ፓነሎች ቢተከሉ በጠራ ቀን 25 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ አለ። ቀጥሎ ግን አንድ ችግር አነሣ፦ ፀሐይ የምትሠራው ቀን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በብዛት የምትሠራው ሌሊት ነው። ስለዚህ ከፓነሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የቀኑን ለሌሊት የሚያቆየው ባትሪ ነው።

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ታላቁ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ቦንድ የገዛሁበት ወረቀት ሣጥኔ ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ ፀሐይ ግዙ ልትሉን ነው?» ተጨበጨበላቸው። ወጣቱ በትሕትና መለሰ፤ ግድቡ አልጎደለም ጋሼ፣ የጎደለው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ደብሩ ያለው ሽቦ ነው፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ትራንስፎርመሩ ከሰው ቀድሞ ይደነግጣል አላቸው።

ሌላው ተነሡ። «የ13 ወር ጸጋ ብለው አገራችንን ለዓለም ያስተዋወቁት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስት ነው የተናገሩት። ሐምሌና ነሐሴን እዚህ የምንከርመው እኛ ነን!» በዚያ ስብሰባ ከተነሡት ተቃውሞዎች ሁሉ በእኔ ሚዛን ቁም ነገር የነበረው ይህ ነው። ደብራችን ሌሊትና ቀን ሳይለይ የሚያገለግለው በፍልሰታ ነው። ሰዓታቱ፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜው፣ ቅዳሴው ከነሐሴ 1 እስከ 15 አይቋረጥም። በእነዚያው ቀናት ደግሞ የአዲስ አበባ ሰማይ ደመና ተከናንቦ ይውላል። ፓነል በደመናም ከነጭራሹ ሥራ አይፈታም፤ የሚሰጠው ግን ከወትሮው እጅግ ያነሰ ነው። ባትሪው በዚያን ጊዜ የሚሞላው መብራት በመጣ ቁጥር ከዚያው ከምናማርረው ሽቦ ነው። ይህን ሲሰሙ ሽማግሌው በድል አድራጊነት ተቀመጡ።

አንድ ዲያቆን ነገሩን ያግዝ መስሎት ስልኩን አወጣና «ቫቲካን እኮ እ.ኤ.አ. በ2008 የጳጳሱ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ወደ 2,400 የሚጠጉ ፓነሎችን ተክላለች» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ቄስ «እንግዲህ ካቶሊክን ልንከተል ነው?» ሲሉ ዲያቆኑ ፊቱ ቀላ። «ፀሐይዋ አንድ ናት ብዬ ነው አባታችን...» አስተዳዳሪው ዝቅ ባለ ድምፅ «ፀሐይዋ አንድ ናት፤ ጣሪያው ግን ሁለት ነው» አሉት። ዲያቆኑ ከዚያ ወዲያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አዳመጠ።

ፓነሉ ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞር አለበት ሲባልም ነገር ተነሣ። በቅዳሴ «ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ» እየተባለ ኖሮ፣ እንዴት የቤተ ክርስቲያን ንብረት ወደ ደቡብ ይመለከታል? ወጣቱ አገራችን ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ሰሜን ስለሆነች ፀሐይዋ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ አዘንብላ እንደምትውል አስረዳ። «የምሥራቁን ለሰው እንተወው» ብሎ ጨመረ፤ ብልህ ልጅ ነው። ቀጥሎ ከመንበሩ በላይ የትኛው ሠራተኛ ነው የሚረግጠው ተባለ። አንዱ «ጉልላቱንስ መልአክ ነው የተከለው?» ብለው ጠየቁ። ሊጣሉ ሲሉ አስተዳዳሪው ፓነሉ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ይሁን ብለው ዘጉት።

ቀረ ገንዘቡ። ለሁለት ወር ያህል «ለሶላር ፕሮጀክት» የሚል ሣጥን በደጀ ሰላሙ ተቀመጠ፤ ሲከፈት የተገኘው ሣጥኑን ያሠራንበትን አይመልስም ነበር። መላውን ያመጡት የጽዋ ማኅበሩ እናት ናቸው። «እናንተ ልጆች፣ ለኪሎ ዋት ማን ይሳላል? ስም ጻፉበት እንጂ!» አሉ። በሚቀጥለው ንግሥ «አንድ ፓነል ለወላጆቼ መታሰቢያ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ቅዳሴው ካለቀ ሰዓት ሳይሞላ 12ቱም አለቁ። ዘግይተው የደረሱት እየተጋሩ ግማሽ ግማሽ ያዙ። እነዚያው ሰዎች ናቸው እኮ ሁለት ወር ሙሉ በሣጥኑ አጠገብ ያለፉት!

ስሙ የት ይጻፍ? ሰጪዎቹ መስተዋቱ ላይ በጉልህ ቀለም ይሁንልን አሉ። ወጣቱ ራሱን ያዘ፤ በፓነል ላይ የወደቀ ትንሽ ጥላ አብረው የተያያዙትን ሁሉ ኃይል ይቀንሳል፣ የአንዱ ሰው ስም የሌላውን መብራት ያደክማል ማለት ነው። በስምምነት ስሙ በጀርባ ተጻፈ፤ ጀርባው ከቆርቆሮው ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ቀረ። ይህ ያላረካቸው ስለነበሩ በበሩ አጠገብ የእብነ በረድ ሰሌዳ ተሠራ። በማን ይጀመር? በፊደል ተራ ተባለ። አንዲት እኅት ዕድሜዋን ሙሉ በ«ኀ» ስትጽፈው የኖረችውን ስም በአንድ ሌሊት ወደ «ሀ» አዛወረችና ከራስጌ ተቀመጠች። በ«ፀ» የሚጀምሩት እስከ ዛሬ ቅር እንዳላቸው ነው።

ባትሪውን ግን ማንም አልጠየቀም። ፓነል ቢያንስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያብረቀርቃል። ባትሪ በጨለማ ክፍል የሚቀመጥ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ባለ ታክሲ የመኪና ባትሪ ልስጥ ቢልም ወጣቱ አልተቀበለውም። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት በአንዴ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲሟጠጥ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ለረጅም ወራት ደብራችን ሰው በሌለበት በቀትር በብርሃን የሚንቆጠቆጥ፣ ሰው በሞላበት በሌሊት ጧፍ የሚያበራ ሆኖ ከረመ። የተጠቀመው ዘበኛው ነው፤ በቀን ሬዲዮውን ከፍቶ ይውል ነበር።

በመጨረሻ በውጭ አገር የሚኖሩ የሰፈሩ ልጆች አዋጥተው የሊቲየም ባትሪ ላኩልን፤ የምረቃው ቪዲዮ እንዲላክላቸው አደራ አሉ። ምረቃ ከሆነ ማዕረግ ያስፈልገዋል። ያ የተትረፈረፈ መጋረጃ እዚህ ጊዜ ጠቀመን፦ ከዕቃ ቤት ቀይ ከፋይ ወጣና ባትሪውም፣ የባትሪውን ኃይል ለመብራታችን እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው አጠገቡ ያለው ኢንቨርተርም ተሸፈኑ። ተባረከ፣ ተጨበጨበ፣ ተቀረጸ። ሰው ወጣ፣ ከፋዩ ቀረ። ኢንቨርተር ደግሞ የሚተነፍስበት አየር ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ግሎ ራሱን አጠፋ። ወጣቱ ሮጦ መጥቶ ከፋዩን ሲገልጥ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታው ብለን እኮ ነው» አሉት።

ከዚህ ሁሉ የማይረሳኝ የምጣዱ ነገር ነው። የዝክር ዋዜማ ነበር፤ መብራት ሄዷል፣ እኛ ግን በራሳችን ፀሐይ ደምቀን ጉባኤ ላይ ነን። እንግዳው ሰባኪ ስለ ፍርድ ቀን እያስተማሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያን ጊዜ ኃጥኣን...» ሲሉ ሁሉም ነገር ድርግም አለ። ጨለማ። አንዲት ሴት ጮኸች፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ከኋላ አንድ ሰው «አቤቱ ማረን» አለ። ኃጥኣን ያን ጊዜ ምን እንደሚሆኑ ማንም ሳይሰማ ቀረ። ወጣቱ በስልኩ ብርሃን እየተመራ ወደ ኢንቨርተሩ ሲሮጥ ከአዳራሹ ጓዳ የእንጀራ ሽታ ጠራው። የማኅበሩ እናቶች ቤታቸው መብራት ስለሌለ ሊጡን በባልዲ ይዘው መጥተው ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሰክተዋል። አንድ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል፤ የእኛ ኢንቨርተር አቅም ደግሞ 5,000 ነው። በምጣዱ ላይ ግማሽ ዓይን ያወጣ እንጀራ ተኝቷል።

«እማማ፣ ምን አደረጋችሁ?»

«የጻድቁን ዝክር በምን እንጋግረው? ፀሐይዋን እግዚአብሔር አይደል የሰጠን?»

«ሰባኪው ተቋረጡ እኮ!»

«ሰባኪውም ሲጨርሱ ይበሉታል ልጄ፣ ቶሎ አብራልን፣ ሊጡ ሊያልፍብን ነው።»

ሰበካ ጉባኤው ከምጣድና ከስብከት ማን ይቅደም በሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ አልተወሰነም። ስብከቱን የሚደግፉት በቃል ይበረታሉ፤ ምጣዱን የሚደግፉት ግን እንጀራው በእጃቸው ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን የደረሰባቸውን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን በድምፅ ማጉያችን ሥር ያደሩ ሰው ናቸው፤ መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሲራገም እርሳቸው ብቻ ፍራሻቸውን አለስልሰው ይተኙ ነበር። አሁን መብራት ቢሄድም እኛ አንሄድም። አስተዳዳሪውን ቀርበው «አባቴ ይፍቱኝ፣ እንዲያው ድምፁን ዝቅ...» ብለው ለመኑ፤ በጎ ቃል ተሰጣቸው። በዚያው ሳምንት ከማዶ ያለው መስጊድ ኮሚቴ መጥቶ የፓነሉን ዋጋ፣ የባትሪውን ዓይነትና የሠራተኛውን ስልክ በወዳጅነት ጠየቀ፤ የእኛም ሰዎች በደስታ ሰጡ፣ ምጣድ እንዳታስገቡ ብለውም መከሩ። ጡረተኛውን በማግስቱ ከፋርማሲ ጥጥ ገዝተው ሲመለሱ አገኘኋቸው።

እርግቦቹም አሉ። ፓነሉ ይሞቃቸዋል መሰለኝ ከጉልላቱ ወርደው እዚያ ይውላሉ፤ የሚጥሉት ደግሞ ከአቧራው ጋር ተጋግሮ መስተዋቱን ይጋርዳል። ወጣቱ ማባረሪያ ይደረግ ቢል በመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ዲያቆን አልተገኘም። በየሁለት ሳምንቱ መሰላል ይዞ የሚወጣው ራሱ ነው፤ መጥረጊያና አንድ ባልዲ ውኃ ይዞ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሕዝቡ ወደ ደብሩ እየጎረፈ ነው። በተለይ መብራት በጠፋ ማታ። ሠርክ ጸሎት ላይ ታይተው የማይታወቁ ጎረምሶች በጊዜ ይመጣሉ፣ በር ይሳለማሉ፣ ቀጥ ብለውም ወደ አዳራሹ ግድግዳ ሄደው ስልካቸውን ይሰካሉ። ፀሐይን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ የሚያወጣ አምላክ ይህንንም ያውቀዋል። ማከፋፈያው ጥቂት፣ ስልኩ ብዙ ስለሆነ ግን «የእኔ ፓነል ነው የሚሞላው» የሚል ጠብ ተነሣ። ሰበካ ጉባኤው ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ በአዳራሹ በር ለጠፈ፦ ስልክ የሚሰካው ከጸሎት በኋላ ነው፤ ተሰክቶ ለጠፋ ስልክ ደብሩ ኃላፊነት አይወስድም፤ ምጣድና የልብስ ካውያ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ፓነል ሰጥቻለሁ በማለት ቅድሚያ መጠየቅ አይቻልም።

ከማኅተሙ ሥር አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ግማሽ የሰጠንስ?» ብሎ ጽፎበታል።