ቴዲ ሪነርን ደሴ ላይ ማን ያውቀዋል?

እኔ በምኖርበት ፈረንሳይ ቴዲ ሪነርን የማያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ ሄጄ ስሙን ሳነሳ ግን አንዱ የሰፈር ልጅ "አዲስ ዘፋኝ ነው?" አለኝ። አልፈርድበትም። እኛ ቴዲ ከተባለ የምናስበው ሌላ ሰው ነው።

ይሄኛው የጁዶ፣ የዚያ የጃፓን ትግል ሰው ነው። ጓድሎፕ ተወልዶ ፓሪስ ያደገ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚያልፍ ጥቁር ፈረንሳዊ። በ2007 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ገና በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለንደን 2012 ወርቅ፣ ሪዮ 2016 ወርቅ። ከ2010 ጀምሮ 154 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ በ2020 እዚያው ፓሪስ፣ በገዛ ሕዝቡ ፊት፣ ካጌዩራ የሚባል ጃፓናዊ አሸነፈው። በዓመቱ ቶኪዮ ላይም በግሉ ያገኘው ነሐስ ነው።

እኛ ብንሆን "አለቀለት" እንል ነበር። አትሌቶቻችን ሁለተኛ ሲወጡ ፌስቡክ ላይ የምናወርድባቸውን ታውቁታላችሁ። ፈረንሳዮቹ ግን የ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲከፈት ከቀድሞዋ ሯጭ ከማሪ ዦዜ ፔሬክ ጋር እሳቱን ያስለኮሱት እሱን ነው። በሳምንቱ የግል ወርቁን ወሰደ። በማግስቱ ደግሞ በቡድን ፍጻሜ ከጃፓን ጋር 3 ለ 3 ሆነው መለያው ግጥሚያ በየትኛው ሚዛን እንደሚሆን ዕጣ ሲወጣ፣ ዕጣው እሱ በሚጋጠምበት ከባድ ሚዛን ላይ አረፈና ጃፓናዊውን ሳይቶን ጥሎ ጨረሰላቸው። ያን ማታ ሰፈራችን የነበረው ጩኸት!

ደግሞ ፍቅሩ የቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ጁዶ እዚያ የሰፈር ነገር ነው፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመዝግቦ ይሠራዋል። ልጄን ያስገባሁት ክለብ መጀመሪያ ያስተማረው መጣልን ሳይሆን መውደቅን ነው። አገጭ ወደ ደረት፣ ከዚያ በመዳፍና በክንድ ምንጣፉን ጧ! ስንት ጊዜ ይሄንኑ ሲደጋግሙ ዋሉ። ግጥሚያው ሲያልቅ የወደቀውም የጣለውም ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሳሉ።

ወሎ ትግል የለም እንዳትሉኝ ብቻ። ኩታበር ከብት ስንጠብቅ የሁለት መንደር ልጆች ከተገናኘን ሳንታገል አንለያይም ነበር። ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፤ ሳቁ እስከ ማታ ይከተለዋል። ቢሆንም አንዱ መጥቶ "አብሽር" ብሎ አቧራውን ያራግፍለታል። ክፍያ የለ፣ ምዝገባ የለ። እዚያ ለልብሱ፣ ለቀበቶው፣ ለኢንሹራንሱ ስከፍል ይሄ ትዝ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የጎደለን ጉልበት ሳይሆን አሰልጣኝና ምንጣፍ ነው። ቴኳንዶ እኮ ከኮሪያ ድረስ መጥቶ ስንቱን የደሴ ልጅ አሰልፏል።

የእህቴን ልጅ የሪነርን ቪዲዮ አሳይቼው ነበር የመጣሁት። ሰሞኑን እናቱ ደወለች። "አንተዬ፣ የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ እየገለበጠ አስለቀሰብኝ፤ በል ያን መውደቅ የምትሉትንም ቪዲዮ ላክልኝ፣ ለነሱ ላሳያቸው።"