በሩ አይዘጋም፣ መስኮቱ አይከፈትም

ጀመዓ፣ ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልንም! ደሴ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ፤ አዲስ የቢሮ ሕንፃ ማለት ሰማያዊ መስታወት ማለት ሆኗል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ፣ ያው ሰማያዊ መስታወት። በመሃል ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አለ። አንዱ ጋቢ ያስለብሳል፣ ሌላው ሸሚዝ ያስወልቃል፤ ንድፉ ግን አንድ!

በሩን እንያዝ። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በ15 ቀን በር ይሆናል። ቫርኒሽ ሲቀባማ ያምራል። የበጋው ንፋስ ሲመታው ግን ከ10 ሳንቲ ወርድ ከግማሽ ሳንቲ በላይ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ቁልፉ ከቀዳዳው ይለያያል። ክረምት ሲያብጥ በመላጊያ ይላጉታል፤ ታኅሣሥ ሲመጣ በክፍተቱ እጅ ያስገባል። ለበር የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። «መለኪያ የለንም» አትበሉን። ቁራጭ መዝኑ፣ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ፣ መልሳችሁ መዝኑ። 112 ግራም የነበረው 100 ከሆነ ደርሷል። 150 ከነበረ እንኳን በር ማገዶም አይሆን! ጣውላውን ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየንብርብሩ 2.5 ሳንቲ ስንጥር እያስገቡ መደርደር፣ እንዳይሰነጠቅ ጫፉን ቀለም መቀባት፣ ከዚያ ወራት መታገስ ነው። ዋንዛ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ እርጥብ ዋንዛም እርጥብ ነው።

ወደ መስታወቱ። የሚከፈት መስኮት ማጠፊያ፣ መያዣና ጎማ ይፈልጋል፤ ወጪ ነው ተብሎ ይቀራል። ከዚያ ደሴ ላይ መስታወቱ ያልበዋል። ቢሮው ሰው ሞልቶ 20 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን 12 ዲግሪና ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ውጪው 5 ዲግሪ ከሆነ የነጠላ መስታወት የውስጥ ገጽ ወደ 9 ይወርዳል። በመሃሉ አየር ያለው ድርብ መስታወት ቢሆን 14 አካባቢ ላይ ይቆም ነበር። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ የት ይወርዳል? ኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) በተለበጠው የመስኮት ደፍ ላይ! በዓመቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ።

ኮምቦልቻ ደግሞ ሌላ ጉድ። ወደ ምዕራብ የዞረ 10 ካሬ ሜትር ባለ 6 ሚሊ ነጭ (ቀለም የሌለው) መስታወት ከሰዓት በኋላ 4 ኪሎ ዋት ሙቀት በቀላሉ ያስገባል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ይበልጣል። እንጀራ አንጋግርበት ነገር! መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ብዙም አይረዳም፣ ሙቀቱ አንዴ ገብቷላ። ጥላው ከውጪ ነው መሆን ያለበት። የእንጨት ርብራብ እዚህ ቦታው ነበር፤ እሱን ግን ጌጥ ነው ብለው እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል።

አገጣጠሙስ? መስታወት በዙሪያው 3 ሚሊ ያህል ክፍተት ይፈልጋል፤ ከታች ደግሞ በሁለት ጠንካራ የጎማ ቁራጮች ላይ ይቀመጣል፣ ከየጫፉ የወርዱ ሩብ ላይ። የእኛ ሰው ልክክ አድርጎ ቆርጦ በሚስማር ይጠረቅመዋል። እንጨቱ ሲንቀሳቀስ መስታወቱ የት ይሂድ? መሬታችንም ቢሆን ዝም ያለ መሬት አይደለም፤ የ1953ቱን የካራ ቆሬ ርዕደ መሬት ትልልቆቹን ጠይቁ።

በዚያ ላይ መሃሉ ላይ ጥቁር የማስታወቂያ ስቲከር ይለጠፋል። መሃሉ ይግላል፣ በፍሬሙ የተሸፈነው ጠርዝ ይቀዘቅዛል፤ ያልተጠናከረ መስታወት ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ልዩነት ሲደርስ ይሰነጠቃል። ከዚያ «ልጆች ድንጋይ ወርውረው ነው» ይባላል። ድንጋይ የመታው ከተመታበት ነጥብ እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ሙቀት የሰነጠቀው ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ተነስቶ ወደ መሃል እየተጥመለመለ ይሄዳል። ቀርባችሁ እዩትና የሰፈሩን ልጆች ተዉአቸው።