ማስተካከያ፦ የቭርሺች ዳገት ቀላል አይደለም
ስለ ስሎቬኒያው የብስክሌት ጉዞ ባለፈው ስጽፍ፣ ከክራንስካ ጎራ ከተማ ወደ ቭርሺች (የተራራ ማለፊያ ነው) የሚወጣው መንገድ ለጀማሪም ይሆናል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ለጀማሪ የሚሆነው ከብሌድ ሐይቅ ወደ ቦሂን ሐይቅ የሚወስደው ነው።

ቭርሺች ሌላ ነገር ነው። አናቱ 1,611 ሜትር ላይ ነው። በመውጫው 24፣ በሌላው በኩል ወደ ትሬንታ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ 26 ኩርባ አለ። የመውጫው ኩርባዎች ኮብልስቶን ናቸው፤ ዝናብ ሲነካቸው ጎማ ያንሸራትታሉ። ኩርባው ላይ ቁጥሩና ከፍታው ተጽፏል፤ እሱን እያያችሁ ጉልበታችሁን መጥኑ። ልምድ ከሌላችሁ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዲዘጋጅላችሁ አስጎብኚውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

መንገዱን የሠሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ሩሲያውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 የበረዶ ናዳ ብዙዎቹን ቀብሯል። መንገድ ዳር ያለችው የእንጨት ጸሎት ቤት መታሰቢያቸው ናት፤ እዚያ ሳትቆሙ አትለፉ።